በስንጥቁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

ባለፈው ግንቦት፣ ጎንደር ውስጥ በምኖርበት ቤት፣ ከመኝታ ክፍሌ መስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ወለሉ የሚወርድ ስንጥቅ አየሁ። ልጄ የምታውቀውን አንድ ወጣት መሐንዲስ ላከችልኝ። ወጣቱ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ከቦርሳው ጣት የምታህል ቀጭን የመስታወት ቁራጭ አወጣ፤ ስንጥቁን እንድታቋርጥ አድርጎም ሁለቱን ጫፎቿን በጄሶ አጣበቃት። ከአጠገቧ ቀኑን በእርሳስ ጻፈ።

«ይኸው ነው?» አልሁት።

«ይኸው ነው አባባ። ግድግዳው አሁንም የሚንቀሳቀስ ከሆነ መስታወቷ ትሰበራለች። ከቆመ ግን እንዳለች ትቆያለች። ክረምቱ ይለፍና እናያለን።»

ያቀረብሁለትን ሻይ ሳይጨርስ ሄደ። እኔ ወንበር ስቤ ከመስታወቷ ፊት ለፊት ተቀመጥሁ። «ክረምቱ ይለፍና እናያለን» የሚለውን ቃል ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ከአንድ ሽማግሌ አፍ ሰምቼ ነበር። ሰምቼም ንቄዋለሁ፤ በንቀቴም የአንዲት ሴት ቤት ጠፍቷል።

ከዚህ በታች የምጽፈው የሆነውን ነው ለማለት አልደፍርም፤ ሆኗል ብዬ የማስታውሰውን ነው። ኋላ ወደ አገሬ ተመልሼ የሕግ ትምህርቴን ፈጽሜ፣ ለብዙ ዓመታትም አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚህ ሥራ የተማርሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ያለ አንዳች ጥርጣሬ የሚመሰክር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምስክርነቱን ለራሱ ደጋግሞ የነገረ ሰው መሆኑን ነው። እኔም ይህን ነገር ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ያን ጊዜ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ምናልባትም ሃያ ስምንት። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን አቋርጬ በመተማ በኩል ከተሻገርሁ አምስተኛው ዓመት ገደማ ነው። አገር ቤት መንግሥት ተለውጦ ብዙው ስደተኛ ጓዙን እየሸከፈ ይመለስ ነበር። እኔ ግን ለመመለሱም ለመቅረቱም በቂ ምክንያት አጥቼ፣ ጠዋት ጠዋት የሐበሻ ልጆችን አስተምር፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዐረብኛም በአማርኛም ማመልከቻና ውል እጽፍ ነበር። ከእኛ ሰው ዐረብኛ የሚጽፍ ጥቂት ስለ ነበር ሁሉም «ኡስታዝ» ይለኝ ነበር፤ መምህር ማለት ነው። መጠሪያው ደስ ይለኝ ነበር። ከሚገባኝ በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ስንዱ በዚያን ጊዜ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሚሆናቸው የወገራ ሴት ነበሩ። በድርቁ ዘመን ወጥተው፣ ባለቤታቸውን መንገድ ላይ ቀብረው፣ ዐሥር ዓመት ያህል መጀመሪያ በመጠለያ፣ በኋላም ገዳሪፍ ዳር በተከራዩት የሣር ጎጆ ኖረዋል። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ወደ ዶካ ወርደው በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ለሚውሉ ሠራተኞች ምግብ ያበስላሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ከዚያ ሁሉ ድካም ምን እንደሚሹ ሰው ሲጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ከውስጥ የምቆልፈው በር።»

በሱዳን ሕግ ስደተኛ መሬትም ቤትም በስሙ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ብዙዎች የሚያደርጉትን እርሳቸውም አደረጉ። ከሰሊጥ ገበያው አጠገብ ዘይት የሚያስጨምቁ ሐጅ ኢድሪስ የተባሉ ሱዳናዊ ሽማግሌ ነበሩ፤ እትዬ ስንዱ ለረጅም ጊዜ ዘይት የሚገዟቸው ደንበኛቸው ናቸው። በሐጅ ኢድሪስ ስም በተመራ ቦታ ላይ፣ በእምነት ብቻ፣ እትዬ ስንዱ ሁለት ክፍል ሊሠሩ ተስማሙ። የሚሠራውም ይማም የተባለ የአዘዞ ልጅ፣ የታወቀ ግንበኛ ሆነ።

ውሉን የጻፍሁት በሐጅ ኢድሪስ ዘይት ቤት ውስጥ ነው። የሰሊጡ ጭማቂ ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሳምንት አይለቅም፤ ወረቀቱም ራሱ በጣቶቻችን ቅባት ወዝቶ ነበር።

«ያ ኡስታዝ፣» አሉኝ ሐጅ ኢድሪስ፣ «አሠሪ በሚለው ላይ የእኔን ስም ጻፍ። ያ መሬት የሚያውቀው እኔን ነው።»

ብዕሬን አነሣሁ። እትዬ ስንዱ እጃቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«በመሬቱ ላይ ስሜ የለም፤ ይሁን። በግድግዳው ላይ እንኳ ይግባ፣ ኡስታዝ።»

እንዲህ ብለዋል። ወይም ደግሞ እኔ «እውነቱ የእርስዎ ስም ነው» ብዬ፣ እርሳቸው ዝም ብለዋል። ሁለቱንም እሰማቸዋለሁ፤ አንዱ በእርሳቸው ድምፅ፣ አንዱ በእኔ። የማያጠራጥረኝ፣ ባማረ እጅ ጽሕፈቴ፣ በአማርኛ፣ «የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ስንዱ» ብዬ መጻፌ ነው። ስተረጉምላቸው ሐጅ ኢድሪስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወረቀቱ ከሣጥን ካልወጣ ግድ የለም» አሉ።

ክፍያው በሦስት ሢሶ ሆነ፤ መሠረቱ ሲሞላ፣ ግድግዳው ሲቆም፣ በመጨረሻም የጣራው ዚንክ ተመትቶ ሲያልቅ። እኔም ውሉ የሕግ ሰው የጻፈው እንዲመስል አንድ ሐረግ ጨመርሁ፤ «ዝናብ ከመግባቱ አስቀድሞ ይጠናቀቅ ዘንድ»። እትዬ ስንዱ ሌላ ክረምት በሚያፈስ ጎጆ ማሳለፍ አልፈለጉም ነበርና ሐረጉን ወደዱት።

የገዳሪፍ መሬት ዋልካ ነው። በበጋ ሲደርቅ ይተረተርና በስንጥቁ ውስጥ የሰው እግር እስከ ቁርጭምጭሚት ይገባል። ዝናብ ሲነካው ደግሞ ያብጣል፤ የተሸከመውንም ያነሣል። ስለዚህ የአገሩ ሰው መሠረት ጥሎ ይተወዋል፤ አንድ ክረምት ካለፈበት በኋላ ነው ግድግዳ የሚያቆም። ይህን የነገረን በአህያ ጋሪ ውኃ የሚያመላልስ ጎረቤት ነበር። በርሜሉን ሲያወርድ ጉድጓዱን አየና፣ «መሠረቱ አንድ ዝናብ ይጠጣ እንጂ» አለን።

ይማም ሣቀ። «የጎንደር ግንብ ይህን ሁሉ ዘመን የቆመው ዝናብ ጠጥቶ ነው? እኛ መሠረት በድንጋይ ነው የምንሠራ፤ ድንጋይ አይጠማውም።»

እኔም አብሬው ሣቅሁ። ሁለታችንም የደጋ ልጆች ነን፤ ከሥር ዐለት እንዳለ አድርገን እናስብ ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ ይማም ልጠብቅ ቢልም የእኔ ሐረግ አይፈቅድለትም።

እነዚያ የመጋቢትና የሚያዝያ ቀናት መልካም ነበሩ። ዓርብ ትምህርት ስለሌለ ወደ ሥራው ቦታ እሄዳለሁ። እኩለ ቀን ላይ በተደረደረ ጡብ ላይ ተቀምጠን፣ ሽንኩርት የተከተፈበትና የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል ከአንድ ሳሕን እንበላለን። ይማም እናቱን ካየ ስምንት ዓመቱ ነበር። «ዚንኩን መትቼ፣ ሢሶዬን ተቀብዬ፣ ከሰኔ በፊት በገላባት ድንበሩን እሻገራለሁ» ይል ነበር። እትዬ ስንዱ በየመሐሉ ተነሥተው፣ ገና መዝጊያ ባልገባበት የበር ክፍተት ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንድ ጊዜ ማንም የማያያቸው መስሏቸው እጃቸውን በአየር ላይ ዘርግተው መቀርቀሪያ እንደሚወረውር ሰው ሲያደርጉ አየሁ።

ዚንኩ ግንቦት መጨረሻ ላይ ተመታ። የመጨረሻው ክፍያ ሊፈጸም ቀን ተቆርጦ ሳለ ዝናቡ ቀደመ። በሦስተኛው ዝናብ ማግሥት ከበሩ ጉበን ጥግ እስከ ጣራው ድረስ የብር ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፈተ።

«ይህ ምንድር ነው አንተ ይማም?» አሉ እትዬ ስንዱ።

«ቤት ነው እትዬ።»

«እኔ ያሠራሁት ቤት ነው፤ ስንጥቅ አላሠራሁም።»

«አዲስ ቤት ሲቀመጥ እንደ ሰው ወገቡ ይንቋቋል። ልስኑ ነው የተሰነጠቀ፣ ግድግዳው ደኅና ነው።»

«እንግዲያ ወገቡ መንቋቋቱ ሲበቃው ሢሶህን ትወስዳለህ።»

«እናቴስ? ወገቧ እስኪጎብጥ ትጠብቀኝ?»

ነገሩ ከዚህ አልፎ ወደ ስድብ ሊሄድ ሲል አያ ንጋቱ ተጠሩ። አያ ንጋቱ በገዳሪፍ ያለ ሐበሻ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ሲጣላ የሚያስታርቁ የደምቢያ ሽማግሌ ነበሩ። ማንበብ አይችሉም። ግድግዳውን በዱላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መቱት፣ አዳመጡት፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞሩ።

«ከደብተርህ አንድ ገጽ ቅደድ።»

እትዬ ስንዱ የማሽላ ዱቄት በውኃ በጥብጠው በእሳት አወፈሩት። አያ ንጋቱ ወረቀቱን በዚያ ሙጫ ስንጥቁ ላይ ለጠፉት። በግራው ላይ «ስንዱ»፣ በቀኙ ላይ «ይማም» ብዬ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ማንም በሌላ ወረቀት እንዳይለውጠው ነው።

«ስንዱ ከዚህ፣ ይማም ከዚያ» አሉ። «ግድግዳው ከሄደ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ይማም ከራሱ አውጥቶ ይጠግናል። ካልተቀደደ ስንዱ የቀረውን ትከፍላለች። እስከ መስቀል ማንም ቃል አይተንፍስ። ክረምቱ ይለፍና እናያለን።»

«እስከ መስቀል ምን ልብላ አያ ንጋቱ?» አለ ይማም።

«ሌላ ቤት ሥራ። የማይሰነጠቅ።»

እትዬ ስንዱ ሳይቀሩ ሣቁ። እኔ ግን አልሣቅሁም። ሦስት ዓመት ስለ ማስረጃ ስማር ቆይቼ፣ አሁን ፍርድ በዱቄት ሙጫ ሲሰጥ ማየት አሳፈረኝ።

ሐምሌ ላይ እትዬ ስንዱ ለአረሙ ሥራ ዶካ ወርደው ሳለ ወረቀቱ ተቀደደ። ያየሁት እኔ ነኝ። አያ ንጋቱንና ይማምን ጠርቼ አመጣሁ። ይማም ወደ ጣራው አመለከተ፤ አንድ የዚንክ ምስማር ተንቀሳቅሶ ውኃ ያንጠባጥብ ነበር፤ የወረቀቱም መሐል ረጥቦ ቡናማ ሆኗል።

«ይህን የቀደደው ውኃ ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም» አለ።

አያ ንጋቱ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። «ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል» አሉ። ቀዳዳውን በሬንጅ አስደፈኑትና ሁለተኛ ወረቀት አስለጠፉ፤ እኔም ሁለቱን ስሞች እንደገና ጻፍሁ። ሁለተኛው ወረቀት እንደ ፊተኛው እስከ መስቀል ይቆይ ተባለ።

በማግሥቱ ዶካ የሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፈርሁ። በበጋ የሁለት ሰዓት መንገድ የነበረው ያን ቀን ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ወሰደ። ሎሪው ሁለት ጊዜ ተቀርቅሮ ሁላችንም ወርደን ገፋን፤ ዋልካው ጫማዬን ከነካልሲው ዋጠው። እትዬ ስንዱን በአንድ የሣር ዳስ ሥር፣ በትልቅ ብረት ድስት ላይ ጎንበስ ብለው ገንፎ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። የደረቅ ባሚያ ወጡ ሽታ እስከ መንገዱ ይደርስ ነበር።

«ተቀደደ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«ተቀደደ።»

ስለ ውኃው ነግሬያቸዋለሁን? ይህን ጥያቄ ለሠላሳ ዓመት ሳነሣው ሳስቀምጠው ኖሬአለሁ። የነገርኋቸው አይመስለኝም።

«አያ ንጋቱ ምን አሉ?»

«እስከ መስቀል ጠብቁ አሉ። ግን እትዬ፣ ይማም ከመስቀል በፊት ቢሻገርስ? የታወቀ ውል አለን። ዳኛ አለ። በወረቀት ቁራጭ ላይ ምን አስቀመጠን?»

ማማሰያውን በድስቱ ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ከዚያም፣ «ዳኛ ፊት ቀርቤ አላውቅም» አሉ። «ምን ለብሼ ልምጣ?»

ስመለስ አያ ንጋቱ ነገሩን ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። ቆመው ነው የተናገሩኝ፤ ተቀመጡ ብላቸውም እንቢ አሉ።

«ኡስታዝ፣ በሰው አገር ችሎት እውነት ለብቻው አይገባም። የሚከተለውን ሁሉ ይዞ ነው የሚገባ። ያን ወረቀት ከሣጥን አታውጣው።»

«አያ ንጋቱ፣ ሕግ ሕግ ነው» አልኋቸው።

ማመልከቻውን እኔው ጽፌ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዳኛ ፊት ቀረብን። ችሎቱ ኖራ የተቀባ ጠባብ ክፍል ነበር፤ ዝናቡ በጣራው ላይ ስለሚያንኳኳ ዳኛው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነበር የሚናገሩት። ትሑት ሰው ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ በደል ይሆናል። እትዬ ስንዱ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ነጭ ቶብ ከጎረቤት ተውሰው ለብሰው መጥተዋል። አስተርጓሚው እኔ ነኝ። ይማም የመጨረሻውን ሢሶ ይጠይቃል፤ እትዬ ስንዱ ደግሞ መጀመሪያ ይጠግን ይላሉ። ዳኛው ውሉ እንዲነበብ አዘዙ።

«የቤቱ ባለቤት» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ከኋላ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት ሐጅ ኢድሪስ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ብዘለው በዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ዳኛ አልነበረም። ግን አስተርጓሚ ነኝና በትክክል ተረጎምሁ። ይህ ሐቀኝነት ይሁን የተማረ ሰው ግብዝነት እስከ ዛሬ መለየት አልቻልሁም።

ዳኛው ቀና አሉ። «ይህች እኅት ስደተኛ ናት?»

«አዎን።»

«መሬቱስ የማን ነው?»

ሐጅ ኢድሪስ ተጠሩ። ቅዱስ መጽሐፋቸው ቀረበላቸው።

«መሬቱ በስሜ ነው። ቤቱን ያሠራችው ግን እርሷ ናት። ወላሂ፣ በዚህ ዕድሜዬ በመጽሐፉ ላይ እጄን ጭኜ ሌላ አልልም።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሕጉ በማይፈቅደው ንብረት ላይ የተደረገ ውል በፍርድ ቤት ፊት ውል እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ሢሶውንም ጥገናውንም ሊያዙ እንደማይችሉ፣ ጉዳዩንም ለመሬት መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ ግዴታቸው እንደሆነ ቀስ ብለው ገለጹ። «ማለሽ፣ ያ ኡኽቲ» አሉ ወደ እትዬ ስንዱ ዞረው። ይቅርታ እኅቴ ማለታቸው ነበር። ይህንንም ተረጎምሁ።

ውጭ በረንዳው ላይ ይማም ወደ እኔ ቀረበ። ይመታኛል ብዬ ነበር።

«ኡስታዝ፣ እኔ በመዶሻዬ ስንጥቅ ነው ያመጣሁ» አለኝ። «አንተ በብዕርህ ከነመሠረቱ ነቀልኸው።»

እትዬ ስንዱ ዝናቡን እያዩ ቆመው ነበር። ቁጣ ጠበቅሁ፤ ለቅሶ ጠበቅሁ። እርሳቸው ግን ከቶባቸው ሥር በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ቁልፍ አወጡ።

«ይህንን ለማን ልስጥ?» አሉኝ።

ቦታው ከሐጅ ኢድሪስ ስም ተሰረዘ፤ በሩም ከውጭ በሰም ታሸገ። ሐጅ ኢድሪስ አቤት ብለው ነበር፤ አልሆነም። ይማም በሌላ ሰው ግንብ ላይ ያገኘውን የቀን ደመወዝ ይዞ ወደ ገላባት የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ወጣ፤ እናቱ በሕይወት ጠብቃው እንደሆነ አልሰማሁም። እትዬ ስንዱ ወደ ዶካ ተመለሱ። ከአጨዳው በኋላ ወደ ሾዋክ፣ ከዚያም ወደ ከሰላ ሄዱ አሉ። ከከሰላ የመጣ ሰው አንድ ሁለት ጊዜ ስለ እርሳቸው ጠይቄያለሁ። አጥብቄ ፈልጌያቸዋለሁ ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል።

መስቀል በዋለ በሦስተኛው ቀን አያ ንጋቱ መጥተው «ና» አሉኝ። ወደ ታሸገው ቤት ሄድን። መሬቱ መድረቅ ጀምሯል፤ ሣሩ እስከ መስኮቱ አድጓል። የመስኮቱ መዝጊያ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። አያ ንጋቱ ዐይናቸው ደክሞ ነበርና እኔ እንዳይ አዘዙኝ።

«ምን ይታይሃል?»

«ወረቀቱ አለ።»

«ሙሉ ነው?»

ሙሉ ነበር። ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ፣ በግራው «ስንዱ» በቀኙ «ይማም» እንደ ተጻፈ ነበር። ስንጥቁ ቆሟል።

«ሙሉ ነው» አልሁ።

አያ ንጋቱ ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡ። «ልስኑን ለመድፈን ሁለት ቀን ይበቃው ነበር» አሉና መንገዱን ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ ግን «ኡስታዝ» ብለው አልጠሩኝም።

እትዬ ስንዱ ስማቸው በግድግዳው ላይ እንዲገባ ፈልገው ነበር፤ ወይም ፈለጉ ብዬአለሁ። ገባላቸው፤ ማንም በማይገባበት ቤት ውስጥ።

አንዳንድ ጊዜ፣ በእርጅና እንደሚሆነው፣ በዚያ ክፍተት ያየሁት በትክክል ምን እንደ ነበረ እጠራጠራለሁ። ውስጡ ጨለማ ነበር፤ እኔም ቶሎ ዞር ብያለሁ። ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ስለ ግድግዳው እውነት ተናግሬአለሁ ማለት ነው። ሙሉ ነበር የሚለውን የመረጥሁት ቅጣት ይገባኛል ብዬ ይሆን? በመሐላ ብጠየቅ ሐጅ ኢድሪስ የነበራቸው ድፍረት አይኖረኝም።

ይህን የምጽፈው በነሐሴ ነው። ከጎንደር ተራሮች ላይ ደመናው ለቀናት አልተነሣም። መሐንዲሱ ከመስቀል በኋላ እመጣለሁ ብሏል። እኔ ግን በየማለዳው ከአልጋዬ ስነሣ መጀመሪያ የማየው ያችን የመስታወት ቁራጭ ነው። ትሰበር ዘንድ የምመኝበት ቀን አለ፤ ቤቴ ቢፈርስ እንኳ።

ዛሬም አየኋት። ሙሉ ናት።